ሁለት ሺህ ዶላር በኪሴ፣ ዳክዬ በሰማይ

እስቲ ዛሬ ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን ወደ ረግረጉ አገር እንሂድ! የማጫውታችሁ ስለ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፤ የጦርነት ወሬ አይደለም፣ እሱስ ይበቃናል። ነገሬ ስለ ዳክዬ ማደኛ ጠመንጃ ነው። «ደግሞ ዳክዬ ምን በወጣት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያው ስል የነበርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ ሰው በሄደበት አገር ብዙ ነገር ይማራል፤ እኔም ተማርኩ። የተማርኩበት ዋጋ ግን ሊከብድ ጥቂት ነበር የቀረው። እሱን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የምኖረው ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል አበሻ የሞላባት ከተማ ነው። የማታ ሥራ ሠርቼ ጠዋት ቡና የምጠጣበት ቤት አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ስማቸው ምን ያደርግላችኋል፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በሱዳን በኩል አድርገው አሜሪካ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል። ብርዱ ሲገባ ታዲያ ጋሼ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የደረቀ ሣር የመሰለ ዥጉርጉር ጃኬት ለብሰው፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርገው ብቅ ይላሉ። «ከየት ነው ጋሼ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከዳክዬ ቤት!»

አንድ ቀን ሥራ ቦታ አንድ ፈረንጅ ባልደረባዬ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። ጀንበር ስትወጣ፣ ውሃ ዳር ቆሞ፣ ጥቁር ጠመንጃ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ… ልቤ ተሰረቀ! እውነቱን ልናገርና የሰረቀኝ አደኑ አልነበረም፤ ፎቶው ነው። «እኔም እንዲህ ሆኜ ተነስቼ አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ ብልክላቸውስ?» አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ማታ ማታ ስለ ጠመንጃ ሳነብ፣ ዋጋ ሳወዳድር አነጋለሁ። በመጨረሻ ምርጫዬን ጨረስኩ፦ ቤኔሊ ሱፐር ብላክ ኢግል 3፤ የጣሊያን ሥራ፤ ዋጋው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ።

ብሩ ነበረኝ። ያ ብር ግን ሌላ ስም ነበረው። ለእናቴ ቤት ጣሪያ ማደሻ ብዬ ስድስት ወር ያጠራቀምኩት ነው። «ጣሪያው አንድ ክረምት ቢቆይ ምን ይሆናል?» አልኩ ለራሴ። አይ ልጅነት!

ለጋሼ በኩራት ነገርኳቸው።

«ተኩሰህበታል?» አሉኝ።

«ኧረ አልተኮስኩም።»

«ትከሻህ ላይስ ደግፈኸው ታውቃለህ?»

«አይ ጋሼ፣ በፎቶ ነው ያየሁት።»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ሚስትም በፎቶ ያመጣ ሰው አውቃለሁ! ስማ ልጄ፣ ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው። አጥልቀህ፣ ተራምደህበት ነው የምትገዛው። ብርህን ኪስህ አድርግና አንድ ቀን ከእኔ ጋር ና። ከዚያ የፈለግኸውን ግዛ።»

መጀመሪያ ወረቀት

ጋሼ ሕግ ላይ ቀልድ አያውቁም። በሜሪላንድ አዲስ አዳኝ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የአደን ደኅንነት ትምህርት ተምሮ ማለፍ አለበት። ተማርኩ፤ ፈተናውንም አለፍኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ከዚያ የአደን ፈቃድ፣ ከዚያ የስቴቱ የተጓዥ ወፍ ፈቃድ፣ ከዚያ ደግሞ «ዳክ ስታምፕ» የሚሏት የፌዴራሉ መንግሥት ቴምብር ተገዛች። ይህች ቴምብር ከ1934 ጀምሮ ያለች ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዋጋዋ 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለወፎቹ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ይውላል። አዳኙ ከፍሎ የወፏን ቤት ይጠብቃል ማለት ነው። ገርሞኛል!

ውጭ ላላችሁ ወይም ለመሄድ ለምታስቡ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «አሜሪካ ጠመንጃ እንደ ዳቦ ይሸጣል» ሲባል ሰምታችኋል። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ሱቅ ውስጥ ፎርም ይሞላል፣ የኋላ ታሪክ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት በቪዛ የገባ ሰው ግን በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ የአደን ፈቃድ ላለው የተተወች ቀዳዳ ብትኖርም፣ ሕግ አዋቂ ሳይጠይቁ መሞከር እብደት ነው። ፎርሙ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። በጦር መሣሪያ ጥፋት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ ከአገር ሊባረር ይችላል። ለአንዲት ዳክዬ ተብሎ የስንት ዓመት ልፋት ውሃ ሲበላው አስቡት።

ድልድዩን ተሻግሮ

ከፈረንጆች ገና በኋላ ባለው ሰሞን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጋሼ አሮጌ መኪና ተነሳን። በእኛ የነቢያት ጾም ነው። የኋላው ወንበር ላይ ሁለት ጠመንጃ በየማኅደሩ ተኝቷል። ጥይቱ ለብቻው ኮፈን ውስጥ ነው። አጠገቡ አንድ ፔርሙስ ቡናና በፎይል የተጠቀለለ ሽሮ ፍርፍር አለ።

«ጋሼ፣ በጾም አደን ይሆናል እንዴ?» አልኳቸው።

«የተከለከለው መብላት ነው፤ ማነጣጠር መች ተከለከለ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ሥጋው ለገበሬው ነው።»

ወደ ረግረጉ አገር የሚያሻግረው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው። የመጀመሪያው በ1952፣ ጎኑ ያለው ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። ርዝመቱ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጨለማ፣ በነፋስ፣ ከታች ወደ ባልቲሞር የሚሄዱ መርከቦች መብራት እየታየ ሲያልፉበት ሆድ ያባባል። ማዶው «ኢስተርን ሾር» ይባላል። ሜዳ ነው፤ ተራራ ፍለጋ ዐይናችሁን ብታሻግሩ ከሰማይ በቀር የሚይዘው የለም። በቆሎና አኩሪ አተር ታጭዶ ቃርሚያው ቀርቷል። ለስደተኛ ወፍ ከዚህ የተሻለ ምሳ ቤት የለም። ኢስተን የምትባል ከተማ አለች፤ ከ1971 ጀምሮ ኅዳር በመጣ ቁጥር የውሃ ወፍ በዓል ይከበርባታል። እኛ ለመስቀል እንደምንወጣው እነሱ ለዝይ ይወጣሉ!

ቾፕታንክ ወንዝን ተሻግረን ዶርቼስተር የሚባለው አውራጃ ገባን። የሚያልቅ የማይመስል ሸምበቆና ጥቁር ውሃ ነው። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሃሪየት ተብማን በባርነት የተወለደችው በዚህ አገር ነው። ገና ሕፃን ሳለች ብርድ ውሃ ውስጥ እየገባች ለጌቶቿ የረግረግ አይጥ ወጥመድ ትፈትሽ ነበር። አድጋ አመለጠች፤ ተመልሳም ብዙዎችን አወጣች። ሙዚየሟ ከ2017 ጀምሮ እዚያው ብላክዋተር ከሚባለው የወፎች መጠበቂያ አጠገብ ቆሟል። «እኛ ተደስተን የምንቆምበት ጭቃ ለእሷ ስቃይ ነበር» አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም።

አገሩ ሌላም ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጀልባ ላይ መድፍ የሚያክል ጠመንጃ ጠምደው፣ ሌሊት የተኛ የዳክዬ መንጋ ላይ ይለቁት ነበር። በአንድ ተኩስ ብዙ ደርዘን ወፍ ይረግፍና ወደ ባልቲሞርና ፊላደልፊያ ምግብ ቤቶች ይጫናል። ወፉ ሊያልቅ ሲል በ1918 የወጣው የፌዴራል ሕግ ንግዱን አስቆመው። ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ ተጓዥ ወፍ የሚያድን ሰው ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተገድቧል፤ አንድ አፉ ውስጥ፣ ሁለት ካዝናው ውስጥ። ስለዚህ ካዝናው ውስጥ ቦታ የሚይዝ ውታፍ ይገባበታል። ዋናው መሣሪያ የዋጋውን ያህል ዘመናዊ ሆኖ ሕጉን የሚያስከብረው አንዲት ውታፍ መሆኗ አሳቀኝ።

ሦስት ጠመንጃ በአንድ ጎጆ

ባለመሬቱ ፈረንጅ ገበሬ ባትሪ ይዞ ተቀበለን። ከኋላው ቡናማ ጠጉሯ የተጠቀለለ ውሻ አለች። ዘሯ ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር ነው፤ ከ1964 ጀምሮ የሜሪላንድ ይፋ ውሻ ናት። የማድፈጫዋ ጎጆ ከእንጨት ተሠርታ በሸምበቆ የተሸፈነች፣ አግዳሚ ወንበር ያላት ናት። ፊት ለፊቷ ውሃው ላይ ወደ አርባ የሚጠጉ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ተንሳፈዋል። ሕጉ ተኩስ የሚፈቅደው ጀንበር ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ ስለሆነ ተቀምጠን መጠበቅ ጀመርን። ትምህርቱ የተሰጠኝ እዚያ ነው፤ በሹክሹክታ።

ጎጆዋ ውስጥ ሦስት ጠመንጃ ነበር። ሦስቱም ግማሽ አውቶማቲክ ናቸው፤ ማለትም ቃታውን በሳቡ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳሉ፣ ቀለሁን ራሳቸው ተፍተው ቀጣዩን ራሳቸው ይጎርሳሉ። አጎራረሳቸው ግን ለየቅል ነው።

የጋሼ ጠመንጃ ብራውኒንግ ኦቶ 5 ይባላል። ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ፈለሰፈው፤ ከ1902 ጀምሮ ቤልጅግ አገር ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሠራው። አፈሙዙ ራሱ ሲተኮስ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ይመለሳል። «አባቴ በልጅግ ነበራቸው» አሉኝ ጋሼ። ከዚያው ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የመጣውን ጠመንጃ ማለታቸው ነው። «ይህን ሱቅ ውስጥ ሳየው አባቴን ያየሁ መሰለኝ። የምይዘው ለፍቅር ነው እንጂ አንተ እንዳትገዛ!» ምክንያቱም የድሮው የቤልጅግ አፈሙዝ የብረት አረር አይችልም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ለውሃ ወፍ የእርሳስ አረር በመላ አገሪቱ ክልክል ነው፤ ወፎቹ ከጭቃው እየለቀሙ ሲውጡት ይመርዛቸዋልና። ስለዚህ ጋሼ ለስላሳ የሆነውን የቢስመዝ አረር ይገዛሉ። እሱ ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

ለእኔ ያዋሱኝ ሁለተኛው ቤሬታ ነው፤ በጋዝ የሚሠራ። አፈሙዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከሚነደው ባሩድ ጋዝ ትንሹ በዚያ ሾልኮ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይወስደዋል። የድስት ክዳን እንፋሎት ሲያነሳው አስቡ። ጥቅሙ ምንድነው? ግፊቱ ተከፋፍሎ ስለሚደርስ ትከሻን አይደበድብም። ጉዳቱስ? ጥላሸት ስለሚይዝ ፈትቶ መወልወል ይጠይቃል፤ ክብደቱም ትንሽ ይጨምራል።

ሦስተኛው የገበሬው ነው። የእኔ ሕልም! ቤኔሊ፤ ግን አሮጌ ሞዴል፣ ጭቃ የጠጣ። ይህኛው ጋዝ አይፈልግም። ቆማችሁ ሳለ ሚኒባስ ድንገት ሲነሳ ወደ ኋላ እንደምትቀሩት፣ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ሲመታ ውስጥ ያለው ከባድ መቀርቀሪያ ባለበት ይቀራል። በመሃል የተጨመቀችው ስፕሪንግ ስትለቀቅ ሥራውን ትጨርሳለች። ቀላል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ለሚውል ሰው ተመራጭ ነው። ምቱ ግን አይጣል ነው!

ያቺ ቅጽበት

ሰማዩ ሲገረጣ ገበሬው ጥሩምባውን ነፋ። ከየት መጡ ሳልል አምስት አረንጓዴ ራስ ዳክዬዎች ክንፋቸውን ቀስት አድርገው፣ እግራቸውን ዘርግተው ወረዱ። «አሁን!» አለ ገበሬው።

ብድግ አልኩ። የመጀመሪያው ተኩስ ሰማይ ወጋ። ሁለተኛው ላይ አንዷ ተጠቅልላ ወደቀች። ልቤ ዘፈነ! ውሻዋ ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች። እኔ ፎቶው ትዝ ብሎኛል፣ ጓደኞቼ ትዝ ብለውኛል፣ ምኑ ቅጡ! በዚያች ሰከንድ አንዲት የዘገየች ዳክዬ ውሃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ከቀኝ ወደ ግራ መጣች። ጠመንጃውን ይዤ ተከተልኳት። ተከተልኳት፣ ተከተልኳት… በግራዬ ማን እንዳለ ረሳሁት። ታች ውሃው ውስጥ ማን እንደምትዋኝም ረሳሁት።

አንድ እጅ አፈሙዙን ከሥር ይዞ ወደ ሰማይ አነሳው። የጋሼ እጅ ነው። ጣቴ ቃታው ላይ ነበረች።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«አውጣው» አሉኝ። መቀርቀሪያውን ስስብ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ስንት የቀረህ መስሎህ ነበር?»

«ያለቀ… ያለቀ መስሎኝ ነበር ጋሼ።»

ጥይቱን አነሱና አሳዩኝ። «አንድ ቀርቶ ነበር። ስሙም ወይ ውሻ፣ ወይ ሽማግሌ ነው።»

ትምህርቱን ተምሬ ፈተናውን አልፌያለሁ ብያችሁ ነበር አይደል? አፈሙዝ ወዴት እንደሚዞር፣ ጣት የት እንደሚቀመጥ ወረቀት ላይ ሁሉንም መልሻለሁ። ደስታ ሲመጣ ግን ወረቀቱ በኖ ጠፋ። ግማሽ አውቶማቲክ ላይ ያለው ዋና ነገር ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከተኮሰ በኋላ ራሱ እስኪያጎርስ ድረስ የማሰቢያ ጊዜ አለው። ይህኛው ግን አንተ ገና ስትደሰት እሱ ጎርሶ ይጠብቅሃል። ውድም ይሁን ርካሽ፣ ይህን የሚያስቀር ፋብሪካ የለም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እንደ ሕፃን ከረሜላ አንድ አንድ ጥይት ብቻ ከኪሳቸው እያወጡ ሰጡኝ። አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ። አንድ ጥይት ብቻ ሲኖር ሰው ቸኩሎ አይተኩስም። የሚገርመው ደግሞ በዚያች በአንድ በአንዷ ይበልጥ መታሁ!

በኋላ ገበሬው የራሱን ቤኔሊ አስሞከረኝ። ድምፅ እንዳላሰማ ብዬ መቀርቀሪያውን በእጄ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ዳክዬዎቹ መጡ፣ አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ… «ጠቅ!» ብቻ። ተኩስ የለም! ገበሬው በሳቅ ሞተ። የዚህ ዓይነቱ አሮጌ ሞዴል መቀርቀሪያው በኃይል ካልተዘጋ ራሱ ዞሮ አይቆለፍም። በ2017 የወጣው ሱፐር ብላክ ኢግል 3 ላይ ይህ እንዲቀር ተደርጎ ተሠርቷል። ሁለተኛ ስሞክር ተኮሰ። ትከሻዬም አወቀው። በሦስተኛው ላይ ገና ሳይተኩስ ዐይኔን ስጨፍን ራሴን ያዝኩት። ምት የፈራ ሰው ደግሞ አይመታም፤ ያቆስላል እንጂ።

ረፋዱ ላይ አንገተ ረጅም፣ ጭራዋ እንደ መርፌ የሾለ ዳክዬ በላያችን አለፈች። ማንም አልተኮሰም። «ይህችን ታውቃታለህ?» አሉኝ ጋሼ። «አገርህ አለች።» እውነታቸውን ነው። የዚህችው ዓይነት ዳክዬ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽታ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትከርማለች። በዓለም ላይ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የማትገኝ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም አለችን። እኔ ግን ያደግሁት ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ለስላሳ ስጠጣ ሲሆን፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ወፍ ለማየት ሜሪላንድ መምጣት ነበረብኝ? (አገር ቤት ያላችሁ አደራ! ይህ ጽሑፍ ጠመንጃ አንስታችሁ ሐይቅ ውረዱ አይልም፤ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ባይኖኩላር ግን ማንም አይከለክላችሁም።)

ውሻዋ ካመጣቻቸው አንዷ ነፍሷ አልወጣም ነበር። ጋሼ ቢላቸውን አውጥተው «በስመ አብ» ብለው ባረኳት። ገበሬው ባርኔጣውን አወለቀ። ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ግን ገብቶታል። ወፎቹን ለእሱ ስንተው በእያንዳንዳችን ድርሻ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ ቁጥርና ቀን ጽፈን ፈረምን። ያደኑትን ወፍ ለሌላ ሰው ሲተዉ ሕጉ እንዲያ ይላል።

በመጨረሻ ምን ገዛሁ?

በሳምንቱ ከጋሼ ጋር ሱቅ ሄድን። ወፍራሙን ጃኬቴን ለብሼ እንድሄድ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ለካ አጭር ሰው ነኝ! ጃኬቱ ላይ የአንዳንዱ ሰደፍ ረዝሞ ብብቴ ሥር ይቀረቀራል። አምስት ጠመንጃ ደገፍኩ። ዐይኔን ጨፍኜ ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ዐይኔን እገልጣለሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ነጥብ ቀጥታ ፊቴ ካለች ይገጥመኛል ማለት ነው። ሕልሜ የነበረው ቤኔሊ ሦስተኛ ወጣ። ቤሬታ ኤ 300 አልቲማ አንደኛ ሆነ፤ በጋዝ የሚሠራ፣ 12 ጌጅ፣ እስከ 3 ኢንች ጥይት የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 28 ኢንች። ዋጋው ያሰብኩትን ግማሽ ያህል ነው።

ቤኔሊው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለገበሬው ትክክለኛው እሱ ነው፤ በዓመት ብዙ ቀን ረግረግ ውስጥ ይውላል፤ ትከሻውም ለምዶታል። ለእኔ ግን በዓመት አምስት ቀን ለምወጣ፣ ምት ለምፈራ ጀማሪ፣ ለስላሳው ይሻላል። የተረፈው ብር ያን ዕለቱን ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ለመግዛት ለምታስቡ

1. ሳትተኩሱበት አትግዙ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ የሰው ጠመንጃ ግን ያስተምራል። በታወቀ የተኩስ መለማመጃ ወይም ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ሞክሩ።

2. አውራ ዐይናችሁን እወቁ። በሁለት እጃችሁ ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው እዩ፤ ከዚያ አንድ አንድ ዐይን ጨፍኑ። ዕቃው ሳይጠፋ የሚያየው ዐይን አውራው ነው። ግራኝ ለሆነ ሰው ቀለሁ በግራ የሚወጣ ጠመንጃ አለ።

3. 12 ጌጅ ወይስ 20? ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢሠራ፣ የአንዷ ውፍረት የ12 ጌጅ አፈሙዝ ስፋት ነው፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ለብረት አረርና ለዝይ 12 የተለመደው ነው። ሰውነቱ ቀጠን ላለ ሰው፣ ቅርብ ለሚመጣ ዳክዬ፣ 20 አያሳፍርም።

4. በ3 ኢንች ተኩል ጥይት አትታለሉ። በ1988 ሲወጣ የብረት አረር ደካማነትን ለማካካስ ነበር። ምቱ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ባለ 3 ኢንቹ ለዳክዬም ለዝይም ይበቃል።

5. ብረት ከእርሳስ ይቀልላል። ስለዚህ አረሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ ለዳክዬ 2 ቁጥር፣ ለዝይ ቢቢ። የአፈሙዝ ማጥበቢያውንም ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ «ሞዲፋይድ» የሚባለው መካከለኛው ይበቃል።

6. ከረግረግ መልስ ወልውሉ። የቼሳፒክ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ብረት ይበላል። ዘይት ግን አታፍስሱበት፤ ብርድ ላይ ይረጋና መቀርቀሪያውን ያዘገየዋል።

7. ከሁሉም በላይ፦ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱ። ሦስት ስለተፈቀደ ሦስት መሙላት ግዴታ አይደለም። ጣት ከቃታ ውጭ ትሁን፤ ከጎናችሁ ማን እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጠሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለሚለቀም ነገር ነው። ጥይት አይለቀምም።

እናንተ ሆዬ፣ ያ ፎቶ የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። እስካሁን አልተነሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ከጋሼ ጋር አራት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አሁንም አንድ አንድ ጥይት ነው የማጎርሰው። ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ እናቴ የላከችልኝ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ በእጇ ዐይኗን ከልላ ሽቅብ ታያለች። ዳክዬ እያየች ይሁን ጣሪያዋን አልጠየቅኳትም።

ቸር ይግጠመን!